አንድ ብረት፣ ሦስት ጠባይ

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» እንላለን። እውነት ነው። ይሁን እንጂ የደባርቅን ወይም የዳባትን ቀጥቃጭ ብንጠይቅ፣ ከልክ በላይ የጋለ ብረትም እንደሚበላሽ ይነግረናል። ታዲያ ብረቱ ያው ብረት ሆኖ ሳለ የሚለወጠው ምኑ ነው?

ይህን ለማየት ሦስት ተመሳሳይ የስፌት መርፌዎችን በከሰል እሳት እስኪቀሉ አጋልናቸው። አንደኛውን በትኩስ አመድ ቀብረን ቀስ ብሎ እንዲበርድ ተውነው፤ ስናጎብጠው ጎብጦ ቀረ። ሁለተኛውን ከፍሙ አንስተን ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከርነው፤ ገና ጫን ስንለው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሦስተኛውንም በውሃ ነከርንና ፍቀን ካጠራነው በኋላ፣ ቀለሙ ሰማያዊ እስኪሆን በዝግታ አሞቅነው። ይኼኛው ጎበጠና ተመልሶ ቀና! (ሙከራውን የሚደግም ሰው በጉጠት ይያዝ፤ ዓይኑንም ይከልል።)

ሦስቱም የተሠሩት ከብረትና ከጥቂት ካርቦን ነው። የተለያየው ጥቃቅን መዋቅራቸው ነው። ብረት ለዓይን አንድ ወጥ ይምሰል እንጂ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ድንጋይ ካብ በተጠጋጉ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። የጋለው ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ካርቦኑ መውጫ ያጣና በመካከል ተቀርቅሮ ይቀራል። ይህ ማርቴንሳይት የሚባለው መዋቅር እጅግ ጠንካራ ነው፤ ግን ስለማይተጣጠፍ አንዴ ከተሰነጠቀ ስንጥቁን የሚያቆመው የለም። እንደገና ሲሞቅ ከካርቦኑ ከፊሉ ይወጣል፤ ጥንካሬው ቢቀንስም ስብራትን ይቋቋማል። ስለዚህ ጠንካራ መሆንና አለመሰንጠቅ አንድ አይደሉም ማለት ነው።

ቅንጣቶቹ ሲደቁ ወሰኖቻቸው ይበዛሉ፤ ወሰኑም በብረቱ ውስጥ የሚሄደውን መንሸራተት ያግዳል። ሆልና ፔች ይህን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሳይተዋል። ከልክ በላይ ሲግል ግን ቅንጣቶቹ ይተልቃሉ፤ ብረቱም ተሰባሪ ይሆናል። የቀጥቃጩ ነገር ምክንያቱ ይኸው ነው እኮ!

በ2004 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝና በታይዋን የሚገኙ ተመራማሪዎች ባለ ከፍተኛ ኢንትሮፒ የሚባሉትን ውህዶች አቀረቡ። በአንደኛው ውስጥ ክሮሚየም፣ ማንጋኒዝ፣ ብረት፣ ኮባልትና ኒኬል በአቶም ብዛት እኩል ናቸው። ብዙ ዓይነት ተራ ብረት በሚሰባበርበት፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ብርድ፣ ይህ ውህድ ይበልጥ ይጠነክራል፤ መሰንጠቅንም ይቋቋማል። ይሁንና እሱም ቢሆን በ700 ዲግሪ ገደማ ለረዥም ጊዜ ከቆየ በቅንጣቶቹ ወሰን ላይ ተሰባሪ ነገር ያበቅላል፤ ስንጥቅም መንገድ ያገኛል። አዲስም ይሁን አሮጌ፣ የብረት ጠባይ በቅልቅሉ ብቻ አይወሰንም።

በስሜንና በወገራ ለብዙ ዘመን ማረሻና ማጭድ ከሚሠሩት ዋነኞቹ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ሕዝቡ ማረሻቸውን እየገዛ «ቡዳ» እያለ ይሸሻቸው ነበር። በ1970ዎቹና በ1983 ዓ.ም. አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ቀጥቃጭን መናቅ ግን አብሮ አልሄደም። ነገ በምናስተምርበት ክፍል የቀጥቃጭ ልጅ ይኖር ይሆናል። የአባቱ ሙያ ሳይንስ ያለበት መሆኑን ከእኛ አፍ ይስማ።

ለመወያያ፦ የመጥረቢያው ስለት እንዲጠነክር፣ ጀርባው ግን እንዳይሰበር ቀጥቃጩ የትኛውን ወገን ውሃ ውስጥ ይነክራል? ለምን?