የዶማ ሥራና የትከሻ ሕመም

በጋምቤላ ቆላ የገንዲ በሽታን የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ ስላለ በበሬ ማረስ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ በባሮ ወንዝ ዳር በቆሎና ማሽላ የሚዘራ ብዙ ገበሬ መሬቱን የሚቆፍረው በዶማ ነው። ትከሻው ከታመመ ሥራው ይቆማል።

ውድ ገበሬ ሆይ! የክንድ አጥንት ራስ ትልቅ ሲሆን የሚያርፍበት ጎድጓዳ ግን ትንሽ ነው። በቦታው አጽንተው የሚይዙት በተለይ አራት ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው። ዶማ ከራስ በላይ ደጋግሞ ሲነሣ ጅማቶቹ ይጎዳሉ።

ለመከላከል፦ ዶማህን ሳል፤ አፈሩ በዝናብ ሲርስ ቆፍር፤ ዶማውን ከትከሻህ በላይ አታንሣ፤ እጅ እየለወጥህ ሥራ፤ በየመካከሉ ዕረፍ። በሙቀጫ የምትወቅጪ እመቤት ሆይ፣ ዘነዘናሽንም እንዲሁ አድርጊ።

ሕመሙ ከጀመረ፦ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቁፋሮውን ተው። በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ ያህል በቀን ሦስት ጊዜ አድርግበት። ነገር ግን ክንድህን አስረህ አታስቀምጥ፤ ትከሻው ይደርቃልና። ጎንበስ ብለህ ክንድህን አንጠልጥልና በዝግታ አወዛውዘው። በአረም ጊዜ ሦስት ቀን ማረፍ ከባድ ቢመስልም፣ ሕመምን ችሎ መቆፈር ለወራት ከሥራ ሊያስቀር ይችላል።

ወድቀህ ክንድህ አልነሣ ካለ፣ የትከሻህ ቅርጽ ከተለወጠ፣ እጅህ ከደነዘዘ ወይም ትኩሳት ካለህ፣ ለወጌሻ አታስጎትት፤ ፈጥነህ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ሂድ።

የልማት ሠራተኞች ሆይ! ይህን ትምህርት በቃል ብቻ ሳይሆን ማሳው ላይ ዶማ ይዛችሁ አሳዩ።