ኮድ መጻፍ ለጀመረችው የእህቴ ልጅ

1. አንድ ቋንቋ ያዢ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። እኔ የምመርጥልሽ ፓይተንን ነው፤ ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው፣ ለጀማሪ ዓይን የማይከብድ ቋንቋ ነው። ጓደኛሽ ጃቫስክሪፕት ጀመረች ብለሽ በሦስተኛው ሳምንት እንዳትዞሪ።

2. የምትጭኚው ፓይተን 3 ይሁን። የፓይተን 2 ነገር እ.ኤ.አ. በ2020 አብቅቷል፤ ፕሪንትን ያለ ቅንፍ የሚያስተምር አሮጌ መጽሐፍ ካጋጠመሽ ዝጊው።

3. ዳታ ውድ ነው። የፓይተን መመሪያ ከነማስተማሪያው በነፃ ስለሚወርድ፣ ዋይፋይ ባገኘሽበት ቀን አውርጂውና ቤትሽ ሆነሽ አንብቢ። ቪዲዮ ስታዪ የገባሽ ይመስልሻል፤ መግባቱ የሚታወቀው ቪዲዮውን ዘግተሽ በገዛ ጣትሽ ስትጽፊው ነው። ኮፒ አታድርጊ።

4. የእናትሽን ዕቁብ ጻፊው። ከዚህ የተሻለ መልመጃ አላውቅም። የአባላቱን ስም በዝርዝር አስገቢ፣ ራንደምን ጠርተሽ ዕጣ አውጪ። ዕጣ የወጣለት ሰው ከዕጣው ይወጣል፣ መክፈሉን ግን አያቆምም፤ ስለዚህ ሁለት ዝርዝር ያስፈልግሻል። ይህን ራስሽ ስትደርሺበት ማሰብ ጀምረሻል ማለት ነው። በኢንፑት የተቀበልሽውን የ500 መዋጮ ከሌላ 500 ጋር ስትደምሪ ደግሞ 500500 ይልሻል። እኔ በዚህ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጫለሁ። ፓይተን በኢንፑት የገባውን ሁሉ እንደ ጽሑፍ ይይዘዋል፤ ጽሑፍ ሲደመር ደግሞ አንዱ ከሌላው ኋላ ይያያዛል። በኢንት ወደ ቁጥር ስትለውጪው 1000 ይሆናል።

5. ስህተት ሲመጣ አትደንግጪ፣ ከመጨረሻው መስመር ጀምረሽ አንብቢ። የስህተቱ ዓይነት የተጻፈው እዚያ ነው፤ ከፍ ብሎ ደግሞ ስንተኛው መስመር ላይ እንደተሰናከልሽ ይነግርሻል። መጀመሪያ ላይ አብዛኛው የፊደል ግድፈት፣ ያልተዘጋ ቅንፍ ወይም የተዛባ የመስመር አገባብ ነው።

6. በአማርኛም ሞክሪው። ፓይተን 3 ፊደላችንን ያውቃል። ነገር ግን «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለእሱ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስም የሚፈልግ ፕሮግራም ስትሠሪ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበው ሰው «ሀይሉ» ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም፤ ስለዚህ ሞክሼዎቹን ፊደላት አስቀድመሽ ወደ አንድ አምጪያቸው። ይህን ችግር የእኛን ፊደል የማያውቅ ሰው አይፈታልንም፤ አንቺን የምጠብቅሽ ለዚህ ጭምር ነው።

7. በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይበቃሻል። የስህተቱን የመጨረሻ መስመር ሁለት ጊዜ አንብበሽ ካልገባሽ፣ ቢመሽም ደውይልኝ።