አሮጌ ታንኳ እንደገና ስለ ማሰር

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በአዘዞ፥ በቆላ ድባና በጯሂት በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ጎርጎራ ላይ መንገዱ ያልቅበትና የጣና ሐይቅ ይቀበለዋል። ይህ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፥ ስፋቱም ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መሆኑን በጂኦግራፊ ትምህርት ተምረናል። ነገር ግን በዚያ ሐይቅ ላይ ሰውንና እህልን፥ ማገዶንና ዓሣን ሲያመላልስ የኖረው ታንኳ እንዴት እንደሚሠራ ብንጠየቅ፥ ከእኛ ከከተማ ልጆች ስንቶቻችን መልስ እንሰጣለን?

ባለፈው ዓመት የመንፈቅ ዕረፍቴን ያሳለፍሁት ደምቢያ ከሚኖሩት አጎቴ ዘንድ ነበር። አጎቴ ገበሬ ናቸው፤ ከእርሻው ሥራ ፋታ ሲያገኙም ዓሣ ያጠምዳሉ። በዚያ ሰሞን ከአንድ ጎረቤታቸው ያገለገለ ታንኳ ገዝተው ነበርና፥ ታንኳ በማሰር የታወቁ አንድ ሽማግሌ መጥተው ሲያድሱላቸው እኔም ልጥ አቀባይ ሆንሁ። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ከሽማግሌው የሰማሁትንና በእጄ የነካሁትን ነው፤ አንዳንዱንም ነገር ከፊዚክስ ትምህርታችን ጋር አገናኝቼዋለሁ።

አሮጌውን ከማደስ ይልቅ አዲስ ማሰር አይሻልም ወይ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔም ይህንኑ ጠይቄ ነበር። አጎቴ መልስ በመስጠት ፈንታ እጃቸውን ዘርግተው ዳርቻውን አሳዩኝ። ቀድሞ ደንገል በቆመበት በባሕር ሽሹ መሬት ላይ ሽምብራ ተዘርቶበታል፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ውኃው በእምቦጭ ተሸፍኖ እንደ መስክ አረንጓዴ ሆኗል። ይህ አረም በጣና ላይ መግባቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፥ እጅግ ከተጎዱት ዳርቻዎች አንዱ ይኸው የደምቢያ ወገን ነው። ስለዚህ ለአዲስ ታንኳ የሚበቃ ደንገል ከሩቅ መምጣት አለበት፤ ለማጓጓዣውም ገንዘብ ያስፈልጋል። አጎቴ ያን ገንዘብ አልነበራቸውም። አሮጌው ታንኳ ካልዳነ የዚያ ዓመት ዓሣ ማጥመድ ይቀር ነበር።

ደንገል በውኃ ዳር የሚበቅል፥ ቁመቱ ከሰው ቁመት እጥፍ የሚደርስ፥ አገዳውም ሦስት ማዕዘን ያለው ተክል ነው። የጥንት ግብፃውያን የሚጽፉበትን ፓፒረስ የሠሩት ከዚሁ ተክል ነው፤ በብሉይ ኪዳንም ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 18 ከኢትዮጵያ ወንዞች ማዶ ስላለው አገር ሲናገር የደንገል ጀልባዎችን ያነሣል። የአገዳው ልጣጭ ጠንካራ ነው፤ ውስጡ ግን እንደ ሰፍነግ ሆኖ አየር የሞላበት ነው። ከሳንቃ ወይም ከብረት የሚሠራ ጀልባ የሚንሳፈፈው ውኃ እንዳይገባበት ሆኖ ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ ነው፤ ከተነደለ ይሰጥማል። በታንኳ ግን ውኃ በእስሮቹ መካከል እንደ ልቡ ይገባል፥ ይወጣልም። እያንዳንዱ አገዳ የራሱን አየር ይዞ ስለሚቀመጥ ታንኳው በአንድ ጊዜ አይሰጥምም። ጠላቱ ቀዳዳ ሳይሆን ቀስ በቀስ የሚጠጣው ውኃ ነው።

ይህንን በአርኪሜዲስ ሕግ እናስላው። ርዝመቱ 4 ሜትር፥ ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ድብልብል እስር አለ እንበል። ይዘቱ 3.14 × 0.2 × 0.2 × 4 ሲሆን ግማሽ ሜትር ኩብ ያህል ይመጣል። እንግዲህ ሙሉ በሙሉ ቢጠልቅ የሚገፋው ውኃ 500 ኪሎ ግራም ነው። እስሩ ደርቆ 60 ኪሎ ቢመዝን 440 ኪሎ ለመሸከም ኀይል ይተርፈዋል። ውኃ ጠጥቶ 300 ኪሎ ከሆነ ግን የሚተርፈው 200 ብቻ ነው። በዓይን ሲያዩት ያው ታንኳ ነው፤ ችሎታው ግን ከግማሽ በታች ወርዷል። ያገለገለ ታንኳ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ይህንን ነው።

ሽማግሌው ሒሳቡን በወረቀት አልሠሩትም። ታንኳውን ወደ ደረቅ መሬት ካስወጣነው በኋላ አጎቴንና እኔን አንዱን ጫፍ እንድናነሣ አዘዙን፤ እኛ ስናቃስት እርሳቸው ፈገግ አሉና፥ «ልጄ፥ ታንኳውን ብቻ አይደለም የገዛኸው፤ ውኃውንም ጭምር ነው» አሏቸው። ከዚያ በተረከዛቸው ከፊት ጀምረው እስከ ኋላ ድረስ እየረገጡ ሄዱ። ውኃ ያልጠጣ ደንገል ሲረገጥ ይመለሳል፤ የጠጣው ውኃውን ይተፋል፤ የበሰበሰው ግን እንደ ጭቃ ተረግጦ ይቀራል። የተቀሩትን ቦታዎች በከሰል ምልክት አደረግሁባቸው። በመጨረሻ ገለበጥነውና ሆዱን አሸተቱት። የኩሬ ሽታ ያለው ይደርቃል፤ የፍግ ሽታ ያለው ግን ተቆርጦ መጣል አለበት አሉ። የእኛው ታንኳ ጎኖቹ ደኅና ነበሩ፤ የኋላው ሆድ ግን አንድ ክንድ ያህል ሞቶ ነበር።

ልጡን ሁሉ በቢላዋ ከመቁረጥ ይልቅ አንድ በአንድ ፈታነው፤ ምክንያቱም ደኅናው እንደገና ያገለግላል። የተፈታው ደንገል ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ በድንጋይ ካብ ላይ ተደግፎ ደረቀ። መሬት ላይ ተጋድሞ ቢሰጣ ከታች ያለው ውኃ አይወጣም። የጥርና የየካቲት ፀሐይ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ሆኖም ስምንት ቀን ፈጀብን። በየማታው ጤዛ እንዳያገኘው እንሸፍነው ነበር። ይህ የማድረቅ ሥራ አሰልቺ ስለ ሆነ ከዚህ የበለጠ አልጽፍበትም።

ዋናው ጥበብ ማሰሩ ነው። አገዳዎቹ አንዱ ወፍራም ጫፉን ወደ ፊት፥ አንዱ ወደ ኋላ እያደረጉ ይደረደራሉ፤ እንዲህ ካልሆነ እስሩ በአንድ ወገን ይቀጥንና ታንኳው ያዘነብላል። ከሩቅ በመጣው ጥቂት አዲስ ደንገል የሞተውን ቦታ ስንተካ፥ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ጫፍ ለጫፍ አልተገናኘም፤ በአሮጌዎቹ መካከል ከአንድ ክንድ በላይ እንዲገባ ተደረገ። ከዚያ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው እግራቸውን በእስሩ ላይ አስደግፈው ልጡን ይስባሉ። ልጡ አስቀድሞ በውኃ ይርሳል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ይጠብቃል። ታንኳው ውኃ ላይ ሲወርድ ደግሞ ደንገሉ ያብጣል፤ ስለዚህ ማሰሪያው ከሁለት ወገን ይጠነክራል። የተቆረጡት ጫፎች ከሁሉ ይልቅ መጥበቅ አለባቸው፤ ደንገል ውኃ የሚጠባው በልጣጩ ሳይሆን በተቆረጠው ጫፉ ነውና። ሰፊው መቀመጫ ከተሠራ በኋላ በግራና በቀኝ ሁለት ወፍራም እስሮች እንደ ግንብ ይታሰራሉ። ፊቱ የሚነሣው የላይኛው ልጥ ከታችኛው ይልቅ አጥብቆ ስለሚሳብ ነው። በመጨረሻ ሰውና ዕቃ የሚያርፍበት ሌላ ንጣፍ ከውስጥ ይገባል፤ እርሱ ለብቻው ወጥቶ ሊደርቅ ይችላል።

የገመድ ነገር ምን ያህል እንደሚያስኬድ ዓለም ያየው በዚሁ በጣና ደንገል ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ ነበር ብሎ ስለ ተከራከረ፥ ከጣና ደንገል አስቆርጦ ወደ ግብፅ ወሰደ። ደንገል በሁለት ሳምንት ይበሰብሳል ያሉት ሊቃውንት ነበሩ። ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ «ራ» የተባለውን ጀልባ አሰሩለትና ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሣ። በጥንት ግብፃውያን ሥዕሎች ላይ ከተቆለመመው ከኋላው ጫፍ ወደ ወለሉ የተወጠረ ገመድ ይታያል። ይህ ገመድ ለጌጥ ያህል መስሎ ስለ ነበር በ«ራ» ላይ አልጸናም። በጉዞው መካከል የጀልባው ኋላ ወደ ውኃ ሰመጠ፤ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘም በኋላ ተበታትኖ ሰዎቹ በሌላ መርከብ ዳኑ። በሚቀጥለው ዓመት ከቦሊቪያ፥ ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አራት ሰዎች ከዚሁ ከአገራችን ደንገል 12 ሜትር ርዝመት ያለውን «ራ ሁለት» አሰሩ። እርሱም ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሳፊ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደሴት ደረሰ። ደንገሉ በሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ነበር፤ የተለየው አስተሳሰሩ ነው።

በባሕር ዳርቻ አገሮች ለውድድር የሚያገለግሉ ካታማራን የሚባሉ ጀልባዎች አሉ። ሁለት ጠባብ አካሎች ጎን ለጎን ተራርቀው በአግዳሚ የተያያዙ ሲሆኑ፥ የሸራው ምሰሶ በተወጠሩ ሽቦዎች ይቆማል። ስማቸው የመጣው ከደቡብ ሕንድ ከታሚል ቋንቋ ነው፤ ትርጓሜውም የታሰረ እንጨት ማለት ነው። ያገለገለ ካታማራን የሚገዛ ሰውም አስቀድሞ የሚመረምረው መገናኛዎቹንና ሽቦዎቹን ነው። የታንኳችን ሁለት የጎን እስሮች የሚሠሩት ሥራ ከእነዚያ ሁለት አካሎች ጋር ይመሳሰላል፤ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል ያ ወገን ይጠልቅና ብዙ ውኃ ይገፋል፥ ውኃውም መልሶ ያቃናዋል። ሽማግሌው ይህንን ስነግራቸው፥ «ታዲያ ሌላ በምን ሊቆም ኖሯል?» አሉኝ።

ታንኳውን ወደ ውኃ ያወረድነው ማለዳ ነው፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣልና። መጀመሪያ ባዶውን፥ ቀጥሎ አጎቴ ብቻቸውን፥ ከዚያም ሁለታችን ተቀመጥንበት፤ ሽማግሌው በእያንዳንዱ ጊዜ ውኃው የደረሰበትን ቦታ በጎኑ ላይ ቀጭን ልጥ አሰሩበት። ሦስቱ ልጦች አሁንም አሉ። ባዶው ታንኳ በሁለተኛው ልጥ ልክ መስጠም ሲጀምር ወጥቶ መድረቅ አለበት። አጎቴ በየሳምንቱ ከውኃ ስለሚያወጡት፥ ከሦስት ወር በኋላ ስጠይቃቸው ውኃው ከመጀመሪያው ልጥ በላይ የሄደው በሁለት ጣት ብቻ ነበር።

ደንገል ሥሩ ካልተነቀለ ተመልሶ ያቆጠቁጣል። አጎቴ ከባሕር ሽሹ መሬታቸው በውኃው ዳር ያለውን አሥር እርምጃ ያህል ሳያርሱ ትተውታል፤ እምቦጩንም እዚያ በእጃቸው ይለቅማሉ። በቅርቡ ሄጄ ስለካው ደንገሉ ደረቴ ደርሷል። ለአንድ ታንኳ ግን ገና አይበቃም።