ባሏ ጥሏት የጠፋ ሚስት፦ ሸሪዓ ምን መውጫ አበጀላት?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



የዛሬው ትምህርታችን በሹክሹክታ እንጂ በግልጽ ስለማይጠየቅ ጉዳይ ነው። ወደ ግቢ ከመግባቷ በፊት ኒካሕ የታሰረላት እህት ትኖራለች። ባሏ "ሠርቼ እመለሳለሁ" ብሎ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ወይም ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳል። መጀመሪያ ይደውላል፣ ገንዘብም ይልካል። ከዚያ መደወሉ ይቀራል፣ መላኩም ይቋረጣል። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ያልፋል። እሷ ባለ ትዳር ናት እንዳትባል ባል የላት፣ የተፈታች ናት እንዳትባል ማንም አልፈታት።

እንዲህ ያለች እህት ከሰው የምትሰማው ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ "ስድስት ወር ካለፈ ኒካሑ በራሱ ወርዷል፤ አግቢ" ይላታል። ሌላው "የባል ነገር ሰብር ነው፤ እስኪመጣ ድረስ ተቀመጪ" ይላታል። የመጀመሪያው ሐራም ላይ ይጥላታል። ሁለተኛው ደግሞ በዲን ስም ይበድላታል። ሸሪዓ ያስቀመጠው መንገድ በሁለቱ መካከል ነው።

1. መሠረቱ፦ ጉዳት የተከለከለ ነው

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 229 እና 231 ለባል ሁለት ምርጫ ብቻ ሰጥቶታል። አንዱ በመልካም አብሮ መኖር፣ ሌላው በመልካም ማሰናበት ነው። ሚስትን ለመጉዳት ብሎ ማቆየትን በግልጽ ከልክሎ፣ ይህን የሠራ ሰው ራሱን እንደበደለ ነግሮናል። በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 129 ደግሞ ሚስትን "ሙዐለቃህ"፣ ማለትም እንደ ተንጠለጠለች አድርጎ መተውን ከልክሏል። አንቀጹ የወረደው ከአንድ በላይ ላገባ ባል ነው። የተከለከለው ጉዳት ግን ባሏ ጥሏት በጠፋ ሴት ላይም ያው ነው።

ከሚስቱ ላለመቅረብ የማለ ባል እንኳ የተሰጠው ጊዜ አራት ወር ብቻ ነው (አል-በቀራህ 226)። ከዚያ በኋላ ወይ ይመለሳል፣ ወይ ይፈታል። መጉዳትም ሆነ ጉዳትን በጉዳት መመለስ እንደሌለ የሚያስተምረው የታወቀው የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሐዲስም ዑለማኦች በዚህ ርዕስ ደጋግመው የሚያነሡት መሠረት ነው።

2. ኒካሕ በጊዜ ብዛት በራሱ አይፈርስም

ይህን ነጥብ አጥብቀን እንያዝ። ባል ስድስት ወር ቢጠፋም ስድስት ዓመት ቢጠፋም ዐቅዱ በራሱ አይወርድም። ኒካሕ የሚያበቃው በባል ጦላቅ፣ በኹልዕ፣ በቃዲ ፍርድ ወይም በሞት ነው። ከእነዚህ አንዱ ሳይኖር ሌላ ባል ማግባት በአን-ኒሳእ 24 የተከለከለውን ባለ ትዳር ሴትን ማግባት ነው። ሁለተኛው ኒካሕ ወሊና ምስክር ቢኖረውም አይጸናም።

"ስድስት ወር" የሚለው ወሬ መነሻ አለው። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ሴት ያለ ባሏ ምን ያህል መታገሥ እንደምትችል ልጃቸውን ሐፍሷን (ረ.ዐ) ጠየቁ። መልሷ አራት ወይም ስድስት ወር እንደነበር ተዘግቧል። እሳቸውም ወታደሮች ከቤታቸው ርቀው የሚቆዩበትን ጊዜ በዚያ ወሰኑ። ይህ ለመሪ የተሰጠ የጊዜ ገደብ እንጂ የኒካሕ ማብቂያ ቀን አይደለም። ከዚሁ ጋር ዑመር ከሚስቶቻቸው ርቀው ለቆዩ ወንዶች አዛዦች ወይ ነፈቃ እንዲልኩ አለዚያም እንዲፈቱ፣ ከፈቱም ያለፈውን ነፈቃ እንዲከፍሉ መጻፋቸው ተዘግቧል። ጠፍቶ የቆየ ባል ነፃ ሰው እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

3. የጠፋው እንዴት ነው?

ፍርዱ እንደ ሁኔታው ስለሚለያይ መጀመሪያ ይህ መለየት አለበት።

ሀ) አድራሻው የሚታወቅና የሚገኝ ባል፦ መጀመሪያ እሱን ማናገር ይገባል። በሁለቱም ወገን ሽማግሌ ይግባ፤ ይህ የአን-ኒሳእ 35 ትምህርት ነው። መመለስ ካልፈለገ ባለበት ሆኖ ሊፈታ ወይም ወኪል ሊሰጥ ይችላል። እሷ መህሯን ወይም የተስማሙበትን መልሳ በኹልዕ መለያየትም አለ። የሳቢት ኢብኑ ቀይስ (ረ.ዐ) ሚስት የአትክልት ቦታውን መልሳለት የተለያየችበት ሐዲስ በቡኻሪ ይገኛል። ሆኖም ጥፋቱ የእሱ ሆኖ ሳለ "መህሬን ካልመለሰች አልፈታም" ብሎ ማስጨነቅ በደል ነው።

ለ) በሕይወት እንዳለ የሚታወቅ፣ ግን ነፈቃ የማይልክ ወይም መልስ የማይሰጥ ባል፦ የእሷ መንገድ ወደ ቃዲ መሄድ ነው። ትቶት የሄደው ንብረት ካለ ነፈቃዋ ከዚያ እንዲታሰብላት መጠየቅ ትችላለች። ከሌለ ወይም ጉዳቱ በነፈቃ ብቻ የማይነሣ ከሆነ የፈስኽ ጥያቄ ይቀርባል።

ሐ) ይኑር ይሙት የማይታወቅ (መፍቁድ)፦ በሙወጦእ እንደተዘገበው ዑመር (ረ.ዐ) እንዲህ ያለች ሴት አራት ዓመት እንድትጠብቅ፣ ከዚያም የባል ሞት ዒዳ የሆነውን አራት ወር ከዐሥር ቀን እንድትቆጥር ፈርደዋል።

4. መዝሀቦቹ ምን አሉ?

በማሊኪያዎች ዘንድ በሩ ሰፊ ነው። የነፈቃ መቋረጥ፣ ጉዳትና የባል ረጅም ርቀት ለመለያየት ምክንያት ይሆናሉ። ለርቀቱ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። በሐንበሊያዎች ዘንድ ያለ ምክንያት ከስድስት ወር በላይ የራቀ ባል እንዲመለስ ይጻፍለታል፤ እምቢ ካለ ቃዲው ይለያያቸዋል። ሻፊዒያዎች ባል ነፈቃ መስጠት እንዳልቻለ ሲረጋገጥ ፈስኽን ይፈቅዳሉ፤ መራቁን ብቻ ግን ምክንያት አያደርጉም። ከኋለኞቹ ዑለማኦቻቸው ነፈቃውን ማግኘት የማይቻል ሲሆን የፈቀዱ አሉ። ሐነፊያዎች በጥንታዊው አቋማቸው በሁለቱም ምክንያት አይለያዩም፤ የመፍቁድ ሚስትም እኩዮቹ እስኪያልቁ እንድትጠብቅ ይላሉ።

በአገራችን ሻፊዒይና ሐነፊይ መዝሀቦች በስፋት ስላሉ አንዳንድ እህት "የእኔ መዝሀብ መውጫ የለውም" ብላ ተስፋ ትቆርጣለች። ነገር ግን የሐነፊይ ዑለማኦች ራሳቸው በችግር ጊዜ የማሊኪያዎችን ፍርድ ወስደዋል። በእንግሊዝ ትገዛ በነበረችው ሕንድ መውጫ ያጡ ሙስሊም ሴቶች ኒካሑ እንዲፈርስላቸው ብለው ከእስልምና መውጣታቸውን እስከ ማወጅ ደርሰው ነበር። በዚህ የደነገጡ የሐነፊይ ዑለማኦች ጉዳዩን እንደገና አዩት። በፈረንጆች 1939 የወጣው የሙስሊም ጋብቻ መፍረስ ሕግም አራት ዓመት የት እንዳለ ያልታወቀ፣ ወይም ሁለት ዓመት ነፈቃ ያልሰጠ ባል ሚስት ፍርድ ቤት እንድትጠይቅ ፈቀደ። በግብፅም በ1929 የወጣው ሕግ ያለ በቂ ምክንያት አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የራቀን ባል ሚስት መለያየትን እንድትጠይቅ መብት ሰጥቷታል። የሕንዱ ታሪክ ትልቅ ትምህርት ነው፦ በዲን ውስጥ ያለውን በር የዘጋንባት ሴት ከዲኑ ውጭ በር ልትፈልግ ትችላለች።

ይህ ማለት ግን እያንዳንዳችን ከመዝሀቦቹ የቀለለንን እየመረጥን ለራሳችን እንፈርዳለን ማለት አይደለም። ልዩነት ባለበት ጉዳይ ክርክሩን የሚቆርጠው የቃዲ ፍርድ ነው። ጓደኛ፣ የዶርም ልጅ፣ ወይም ጉዳዩን በስልክ የሰማ ኡስታዝ ፈስኽ ማድረግ አይችልም።

5. በአገራችን ወዴት ይኬዳል?

የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩ ሲሆን የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ተብለው ይከፈላሉ። በክልሎችም የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሉ። በኒካሕ የተመሠረተ ጋብቻ፣ ፍቺና ነፈቃ በሥልጣናቸው ሥር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) መሠረት እንዲህ ያለው ክርክር በሃይማኖት ሕግ የሚዳኘው ተከራካሪዎች ሲስማሙ ነው። "ባሌ ከሌለ እንዴት ይስማማል?" ለሚለው ጥያቄ አዋጁ መልስ አለው፤ መጥሪያ በአግባቡ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደተስማማ ተቆጥሮ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። አድራሻው ያልታወቀ ተከሳሽ በጋዜጣ ሊጠራ ይችላል።

ወደ ፍርድ ቤት ስትሄጂ እነዚህን አዘጋጂ፦

– የኒካሕ ወረቀት፤ ከሌለ ኒካሑ ሲታሰር የነበሩ ምስክሮች፤
– መቼ እንደሄደና መቼ ለመጨረሻ ጊዜ እንደተገናኛችሁ የሚያውቁ ሰዎች፤
– ገንዘብ ይልክ ከነበረ የባንክ ወይም የሐዋላ ማስረጃ፤ መላኩ የቆመበትን ጊዜ ያሳያል፤
– የላክሽለት መልእክትና የቤተሰቡ አድራሻ።

ፍርዱን በጽሑፍና በማኅተም ተቀበዪ። ነገ ለምታስሪው ኒካሕ ማስረጃሽ እሱ ነው።

6. ከፍርዱ በኋላ

ዒዳ የሚጀምረው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ነው። "ሁለት ዓመት ተለያይተን ነበርና ዒዳዬ አልቋል" የሚባል ነገር የለም። አብረው ኖረው ከነበረ ዒዳዋ ሦስት ቁሩእ ነው (አል-በቀራህ 228)፤ እርጉዝ ከሆነች እስክትወልድ ነው። ኒካሕ ታስሮ ሳይገናኙ ከተለያዩ ዒዳ የለባትም (አል-አሕዛብ 49)። ብቻቸውን ተገልለው ከነበረ ግን መዝሀቦች ስለሚለያዩ ቃዲው ይጠየቅ። ያልተከፈለ መህርና ያለፈ ነፈቃ ካለም በዚያው መዝገብ ይቅረብ፤ በአብዛኛው ዑለማኦች ዘንድ ያለፈ ነፈቃ በባል ላይ ያለ ዕዳ ነው።

ባልየው በኋላ ተመልሶ ቢመጣስ? መልሱ ፍርዱ በምን ምክንያት እንደተሰጠና ዒዳዋ ማለቅ አለማለቁን ይከተላል። ስለዚህ የፍቺውን ዓይነት ቃዲው በግልጽ እንዲጽፍ ጠይቂ።

7. ለሁላችንም

ለእህታችን፦ ሰብር ማለት መብትን መጣል አይደለም። መብትሽን አውቀሽ፣ በራስሽ ፈቃድ ልጠብቀው ብትዪ አጅር አለሽ። መጠበቅ ካቃተሽና በራስሽ ላይ ፈተና ከፈራሽ ደግሞ ወደ ቃዲ መሄድሽ ሐያእ ማጣት አይደለም።

ለቤተሰብና ለጀመዓችን፦ "ስማችን ይጠፋል" ብለን እህታችንን ከፍርድ ቤት አናስቀር። አብሯት የሚሄድ፣ ምስክር የሚፈልግ፣ የትራንስፖርቷን የሚሸፍን ሰው ያስፈልጋታል።

ለወንድሞች፦ ከተመረቅን በኋላ ብዙዎቻችን ሥራ ፍለጋ ርቀን እንሄድ ይሆናል። መሄድ ካለብህ ከሚስትህ ጋር ጊዜውን ተስማማ፣ ነፈቃዋን አደራጅ፣ ስልክህን አትዝጋ። መመለስ እንደማትችል ባወቅህበት ቀን በመልካም አሰናብታት። "እፈታለሁ" ለማለት ማፈርህ የሌላ ሰው ልጅ ዕድሜ አንጠልጥሎ ለማቆየት ምክንያት አይሆንህም፤ በቂያማ ቀን ትጠየቅበታለህ።

አላህ ከበደል ይጠብቀን፤ ለተጨነቁት እህቶቻችን መውጫውን ያቅርብላቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።