የጀበናው እጀታ ቀዳዳ

መጀመሪያ የተከፈለኝ የዲዛይን ሥራ የጀበና ቡና መሸጫ ባነር ነበር፤ ሦስት ሜትር በአንድ ሜትር። ከፎቶ ላይ ጀበና ቆርጬ አወጣሁና ቢጫ ባክግራውንድ ላይ ጉብ አደረግኩት። ባነሩ ከተሰቀለ በኋላ የመሸጫው ባለቤት ሴትዮ ራቅ ብለው ቆሙ፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩትና «ልጄ፣ እጀታው ውስጥ ያለው አረንጓዴ ነገር ምንድነው?» አሉኝ። ቄጠማ ነበር። ዙሪያውን ስቆርጥ በእጀታውና በጀበናው ሆድ መካከል ያለችውን ቀዳዳ ረስቻት፣ ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘው ቄጠማ በዚያች መስኮት ብቅ እንዳለ ታትሟል።

ይህን የማወራው ፎቶሾፕ ከፍታችሁ፣ አንድ ማታ ሙሉ ታግላችሁ፣ የቆረጣችሁት ሙሽራ ግማሽ ጆሮ ይዞ ሲወጣ «ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብላችሁ ለዘጋችሁት ነው። መልሳችሁ ክፈቱት። የሚያስፈልጋችሁ ጠርዝ ማየት የለመደ ዓይን ነው፤ እሱ ደግሞ ይለመዳል።

እኔን ጉድ የሠራኝ ማጂክ ዋንድ የሚባለው የፎቶሾፕ መሣሪያ ነው። አንድ ቦታ ስትነኩት በዙሪያው ያለውን ተመሳሳይ ቀለም ሰብስቦ ይመርጣል። «ተመሳሳይ» የሚለውን የሚወስነው ቶለራንስ የሚባል ቁጥር ነው፤ ካልነካችሁት 32 ላይ ይቀመጣል። ጥቁር ጀበና ጥላ ያረፈበት ግድግዳ ፊት ሲቀመጥ ታዲያ ለዚህ መሣሪያ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ የጀበናውን አፍ ከግድግዳው ጋር ገምጦ ወሰደብኝ። ቀለም እንጂ ጀበና የሚባል ነገር አያውቅማ! እ.ኤ.አ. በ2018 የመጣው ሴሌክት ሰብጀክት ዕቃውን ራሱን ለይቶ ያወጣል። እኔም እጠቀምበታለሁ፣ አላፍርም። የእጀታዋን ቀዳዳ ግን ዛሬም ሄጄ የማያት ራሴ ነኝ።

ለጀበና፣ ለጠርሙስ፣ ለጫማ የምመክራችሁ ፔን ቱልን ነው። ጀማሪ ሁሉ ይፈራዋል። በሱ የምንስለው ጥምዝ መስመር ስሙን ያገኘው ከፒየር ቤዚዬ ነው፤ የሬኖ መሐንዲስ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዚህ ሒሳብ የመኪና አካል ይነድፍበት ነበር። ለመኪና የበቃ መስመር ለጀበና ሆድ አያንስም። ጀማሪ በጀበናው ዙሪያ ስልሳ ነጥብ ይደረድርና ጠርዙ አይጥ የበላው ዳቦ ይመስላል። ሙሉ ክብ እንኳ በአራት ነጥብ ይሳላል! ነጥቡን ጥምዙ የሚለወጥበት ቦታ ላይ አኑሩና ከነጥቡ የሚወጣውን ክንድ ጎትቱ። ዙሙን 200 ወይም 300 በመቶ አድርሱት። መስመሩን ከጠርዙ አንድ ፒክስል ያህል ወደ ውስጥ አስገቡት፤ አለበለዚያ የድሮው ግድግዳ እንደ ክር ዙሪያውን ተከትሎ ይመጣል። ከዚያ ቀዳዳዋ፤ ለብቻዋ ሌላ መስመር ይዞርባትና ትቀነሳለች።

ነጠላ ሲመጣ ነገሩ ሌላ ነው። አንዲት ደንበኛ ያረፉ እናቷን ከድሮ ፎቶ አውጥቼ፣ የምርቃት ፎቶዋ ላይ ከጎኗ እንዳቆምላት ጠየቀችኝ። እናትየው ነጠላቸውን እንደለበሱ ሰማያዊ መጋረጃ ፊት ቆመዋል፤ መጋረጃው በነጠላው ውስጥ ስስ ሆኖ ይታያል። ቆርጬ ሳወጣቸው ሰማያዊው አብሮ መጣ። ነጠላውን ባጠፋው ደግሞ እናትየው እናት አይመስሉም።

መፍትሔው ማስክ ላይ ነበር። ማስክ ላይ ነጭ ያሳያል፣ ጥቁር ይሸፍናል፣ ግራጫ በከፊል ያሳያል። ነጠላውን በግራጫ ብራሽ ቀስ እያልኩ ቀባሁት፤ ትከሻቸው ላይ ድርብ ስለሆነ ወደ ነጭ አስጠጋሁት፣ ወደ ጫፉ ግን አሳሳሁት። የተረፈውን ሰማያዊ ቀለም አደበዘዝኩ። ሦስት ማታ ፈጀብኝ። በመጨረሻ ከኋላቸው ያለው የግቢው ዛፍ በነጠላው ውስጥ ደብዘዝ ብሎ ሲታየኝ፣ ብቻዬን ቤት ውስጥ አጨበጨብኩ።

ኢሬዘር ይዤ ብሆን ኖሮ ሁለተኛው ማታ ላይ እተወው ነበር። በኢሬዘር አጥፍታችሁ ሴቭ አድርጋችሁ ከዘጋችሁት ነገሩ ሄደ። ማስክ ግን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም፤ ጣት ቆርጣችሁ ከሆነ ነጭ ቀብታችሁ ትመልሱታላችሁ። ኤክስ የምትለዋን ፊደል ስትጫኑ ጥቁሩና ነጩ ይለዋወጣሉ፤ የእኔ ኪቦርድ ላይ የደበዘዘችው እሷ ናት። ፎቶሾፕ በ1990 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ማስኩ የሚያርፍበት ሌየር የሚባል ነገር አልነበረውም፤ የመጣው በ1994 ነው። እስከ 1998 ድረስ ደግሞ ወደኋላ መመለስ የሚቻለው አንድ እርምጃ ብቻ ነበር። የዚያን ጊዜ ሰዎች በዚያም ሠሩ። እናንተ ኮንትሮል ዜድ ላይ ምን ያሳቅቃችኋል? ተጫኑት!

ዛሬ ማታ ስኒ መስኮት አጠገብ አስቀምጡና በስልካችሁ አንሱ። ፎቶሾፕ መግዣ ከሌለ ጊምፕ በነፃ ይገኛል፣ የመስመር መሣሪያም ማስክም አለው። የመጀመሪያው ስኒ ያስቃችኋል። አታጥፉት፣ አስቀምጡት፤ ከአሥረኛው ጎን ስታዩት ደግማችሁ ትስቃላችሁ።

ባነሩን በራሴ ወጪ አስተካክዬ ላሳትምላቸው ሄጄ ነበር። ሴትዮዋ ቡና ቀዱልኝና ቀና ብለው አዩት። «ተወው ልጄ፣» አሉኝ፣ «ደንበኛው ቄጠማውን ወዶታል።»