በቁርጥ የሚከፈለው ወቅታዊ የእርሻ ሠራተኛ በሕግ ፊት ያለው ደረጃ

በመተማና በሑመራ የሰሊጥ እርሻዎች የአረምና የአጨዳ ወቅት ሲደርስ ከደጋ አካባቢዎች በርካታ የጉልበት ሠራተኞች ይወርዳሉ። ብዙዎቹ የሚዋዋሉት በቃል ሲሆን፣ ሒሳባቸውም በቀን ሳይሆን በሠሩት የመሬት ስፋት ይቆረጣል። ከዚህ አከፋፈል የሚነሣው ክርክር፣ ሰውየው «ሠራተኛ» ነው ወይስ ራሱን ችሎ ሥራ የተቋረጠ ተቋራጭ የሚለው ነው።

የጥያቄው መልስ ብዙ ነገር ይወስናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው። ተቋራጭ የተባለ ሰው ግን ይህ ጥበቃ አይደርሰውም።

አዋጁ የእርሻ ሥራን ከወሰኑ አላስወጣም። አንቀጽ 4 የሥራ ውል ተመሠረተ የሚለው አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው መሪነት ለመሥራት በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ መንገድ ሲስማማ ነው፤ ውሉም ለተወሰነ ሥራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በቁርጥ መከፈል የክፍያ ስልት እንጂ የደረጃ መለኪያ አይደለም። መለኪያው መሪነት ነው፤ የሥራውን ሰዓት፣ ቦታና አሠራር ማን ይወስናል? ሠራተኛው በደላላ ወይም በቡድን አለቃ በኩል መምጣቱም «በተዘዋዋሪ መንገድ» የሚለውን ሐረግ ያስታውሳል።

አንቀጽ 10 በየዓመቱ የሚደጋገመውን የወቅት ሥራ ለተወሰነ ጊዜ ውል ይፈቅዳል። ይህ የሚያሳጥረው የውሉን ዕድሜ እንጂ የሠራተኛነትን መብት አይደለም።

ዋናው ችግር የማስረጃ ነው። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ይዘት የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ይህ አለመፈጸሙም የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። ሆኖም ወቅቱ ሲያበቃ ምስክሮች ወደየቀያቸው ይበተናሉ፤ የይርጋው ጊዜ ግን መቁጠሩን አያቆምም።

የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት የፌዴራል ሕግ በመሆኑ፣ ክርክሩ በልደታ ምድብ ችሎትም ይሁን በመተማ ወረዳ ፍርድ ቤት ቢነሣ መለኪያው አንድ ነው። ጽሑፉን የመስጠት ግዴታ የተጣለው በአሠሪው ላይ ከሆነ፣ የጽሑፉ አለመኖር ሠራተኛውን ሊጎዳ አይገባም። ዳኞች የቁርጥ ክፍያን ከማየታቸው በፊት መሪነቱን ቢመረምሩ የአዋጁ ጥበቃ እስከ ማሳው ይደርሳል።