ከብት በማደንዘዣ ከመታከሙ በፊት ስለሚደረግ ዝግጅት

በብቸና፤ በሞጣና በየጥኖራ አገር የሚኖር ባለከብት በሬውን ወደ ከብት ሐኪም ሲነዳ፤ መንገዱን እንዲችል ብሎ በዋዜማው አተላና ገለባ ቢያጠግበው ርኅራኄ ይመስለዋል። በሬው በማደንዘዣ የሚታከም እንደ ሆነ ግን ይህ ጥጋብ ሊገድለው ይችላልና፤ የወረዳ ሹማምንት ነገሩን አስቀድመው ሊያስረዱት ይገባል።

የትልቅ በሬ ጨጓራ 100 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊይዝ ይችላል፤ መኖው በውስጡ ሲብላላ የሚወጣውን አየር እንስሳው በግሳት ያስወጣዋል። መድኃኒቱ ሲያደነዝዘው ግሳቱ ይቀርና ሆዱ ተነፍቶ ሳንባውን ይጫነዋል፤ ወደ አፉ የተመለሰውም መኖ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ለትልቅ ከብት ከ24 እስከ 48 ሰዓት መኖ፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውሃ ይከለከላል። የአገራችን ገበሬ ጾምን ያውቃልና ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። ለሚጠባ ጥጃ ግን ይህን ያህል መጾም ጉዳት ነው፤ ለትልቅ ውሻም ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይበቃዋል። ሕክምናው አስቸኳይ ሲሆን ሐኪሙ ይወስን እንጂ ጾሙ እስኪፈጸም ተብሎ አይዘግይ።

በ1962 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር የተገኘው ዛይላዚን የተባለው ማደንዘዣ ለከብት የሚበቃው መጠን ለፈረስ ከሚሰጠው አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ የፈረሱን ልክ ለበሬ የሚወጋ ሰው በሬውን ሊገድለው ይችላል። ላሚቱ የከበደች እንደ ሆነች ለሐኪሙ ይነገረው፤ መድኃኒቱ ሊያስወርዳት ይችላልና።

ከብቱ ከነቃም በኋላ በእግሩ ጸንቶ እስኪቆም ድረስ መኖና ውሃ ሳይቀርብለት፤ ከገደልና ከወንዝ ዳር ርቆ በጥላ ይጠበቅ።